በገመቹ ጆሮ ውስጥ ያለው ማን ነው?

ሰው አላምንም ማለቴ አይደለም። አምናለሁ፤ ግን ካየሁ፣ ከነካሁና ከቆጠርኩ በኋላ ነው። ሐዋርያው ቶማስን ሰው ሁሉ ይወቅሰዋል። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር «ይሄ ሰው ንብረት ክፍል ቢቀጠር ኖሮ አንድ ጎማ አይጠፋም ነበር» እላለሁ። እኔ ንብረት ክፍል ነኝ። የተወለድኩት ሆሳዕና ነው፤ እንጀራዬ የወጣልኝ ግን እዚህ ጭሮ፣ የድሮ ሰዎች እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ በሚሏት ከተማ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ግምጃ ቤት በር ላይ ተቀምጬ የሚገባውን ሳላይ አላስገባም፣ የሚወጣውን ሳላይ አላስወጣም።

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጠርጣራ ሆኖ ባይፈጠር እንኳ ይለምደዋል። ሚኒባስ ስሳፈር «ሂርና! ሂርና!» እያለ የሚጣራውን ረዳት አላምነውም፤ ሹፌሩን እጠይቃለሁ። ሹፌሩ «ሂርና ነው እህቴ» ካለኝ በኋላ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው «አንተስ የት ነህ?» እለዋለሁ። ሦስቱም ሂርና ካሉ ተማክረው እንደሆነ እያሰብኩ እሄዳለሁ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለድራመራችን የጆሮ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ሲፈልጉ ለምን ጣታቸው እኔ ላይ እንዳረፈ እንዲገባችሁ ነው። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ሲጀመር መነሳትን፣ ሲያልቅ መቀመጥን ብቻ ነው።

ድራመራችን ገመቹ ይባላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብረት ይቆርጣል፣ የጊቢ በር ይበይዳል፣ ይቀጠቅጣል፤ እሁድ ደግሞ ለማረፍ ድራም ይቀጠቅጣል። ከእግሩ ሥር ሞኒተር የሚሉት ስፒከር ነበረ። ሥራው ገመቹ በራሱ ጩኸት መሃል ሆኖ ኪቦርዱንና ዘማሪውን እንዲሰማ ማድረግ ነው። ታዲያ ድራሙ ሲጮህ ሞኒተሩ ይጨመራል፣ ሞኒተሩ ሲጨመር ድራሙ ይብሳል፤ ልክ ግድግዳ እንደሚጋሩ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች። በመካከል የተጎዳው የገመቹ ጆሮ ሆነ።

«እትዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገብቷል» አለኝ አንድ እሁድ። «ሰው ዝም ሲል እሱ ይጀምራል።»

ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር። «ወይ ጆሮህን ሸፍን፣ ወይ ድራሙን ተው። የሄደ ጆሮ አይመለስም» አሉት። እሱም በጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ የውጭውን ጩኸት ዘግቶ የሚያስፈልገውን ድምፅ ብቻ በቀስታ የሚያሰማ መሣሪያ እንዳለ ሰምቶ ሽማግሌዎቹን ለመነ። የሂርናና የቦርደዴ መዘምራን የሚመጡበት ጉባኤ እየቀረበ ነው። ሽማግሌዎቹም እስከዚያ መፍትሔ ካልተገኘ ገመቹ ከድራሙ ይነሳል፣ ምቱን ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ማሽን ይመታል አሉ።

«ድራሙን ከተውኩ እሁድ እሁድ እጄን የት ላድርገው?» አለ ገመቹ፤ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ እያየ። እውነት ለመናገር አንጀቴን በላው። አንጀቴን የሚበላኝ ሰው ግን ይበልጥ ያስጠረጥረኛል።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሕመሙን ነበር። አንድ ቀን ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄጄ ከኋላው ቆምኩና፣ በማይጮህ በማያንሾካሹክ ድምፅ፣ «ገመቹ፣ ምሳ ልጋብዝህ» አልኩ። አልዞረም። እርምጃ ቀርቤ ደገምኩት። አልዞረም። በዚህ አገር ለምሳ ግብዣ የማይዞር በያጅ ወይ ሞቷል ወይ አይሰማም ብዬ ደመደምኩ። ከወዲያ ጥግ ብረት ሲያፋጭ የነበረ ጓደኛው ግን ሰምቶ መጣ፤ ምሳውንም በላ። ሕመሙ እውነት እንደሆነ ያረጋገጥኩት በአንድ ሰው ቅቅል ነው።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ከዚህ ይከብዳል። ጆሮውን ደፍኖ ከተቀመጠ ምን እንደሚሰማ ማን ያውቃል? አንድ ወንድማችን በኤርፎን ሲያዳምጥ አይተን ስብከቱን የቀዳ መስሎን ስናደንቀው «ጎል!» ብሎ ከወንበሩ የተነሳው ገና ከልባችን አልወጣም። ስብከቱ ስለ ትዕግሥት ነበር።

በዚህ መንፈስ ነው እንግዲህ ኢልያስ ሱቅ የሄድኩት። ኢልያስ በአስፋልቱ ዳር የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ሳቂታ ነጋዴ ነው። የሄድኩትም ጠዋት ነው። እዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ይዘው በርጫ ከተቀመጡ ወዲያ፣ ሻጭም ገዢም ልቡ ይሰፋል፤ የማይቻል ነገር የለም። ከሰዓት የተሰጠ ቃል ደግሞ ጠዋት ባለቤት የለውም።

«አቦ ግቢ እህቴ! ምን ላምጣልሽ?»

«ጆሮ ውስጥ የሚገባ፤ ለድራመር።»

ደርድሮ አቀረበልኝ። አንዱን ካርቶን ከፍ አድርጎ «ይሄ ጉድ ነው! በአንድ ጆሮ ውስጥ አራት ትንንሽ ስፒከር አለው» አለ።

«ማን ቆጠራቸው?»

«ካርቶኑ ላይ ተጽፏላ!»

«ካርቶን ላይ ምን የማይጻፍ አለ? ክፈተውና ልቁጠር።»

«ከተከፈተማ ማን ይገዛዋል?»

«ካልተከፈተስ ማን ያምነዋል?»

ኢልያስ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወላሂ አንቺን ኬላ ላይ ቢያቆሙሽ ከጅቡቲ ዝንብ አታልፍም!» አለ። ከዚያ ሽቦ የሌለው፣ በብሉቱዝ የሚሠራ ነጭ ነገር አወጣ። «ይሄን ውሰጂና ሞክሩት፤ ካልሆነ መልሺ። ዘመናዊ ነው፣ ሽቦ የለውም።»

«ሽቦ የሌለው ነገር ከማን ጋር እንደሚያወራ በምን ይታወቃል?»

«ከሚክሰሩ ጋር ነው እህቴ፣ ከማን ጋር ይሆናል?»

ለሙከራ ስለሆነ እያቅማማሁ ወሰድኩት። ቅዳሜ በልምምድ ሰዓት ገመቹ ጆሮው ውስጥ ከተተው፤ ድምፅ በሚያቀላቅለው ሚክሰር ላይ የሚቀመጠው ናሆም ድምፁን ላከለት፤ መዝሙሩ ተጀመረ። ያ ነጭ ነገር ድምፁን ትንሽ አሳድሮ ነው ለካ የሚያደርሰው! ኪቦርዱ ለገመቹ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ገመቹ እሱን ሲጠብቅ ይዘገያል፤ ኪቦርዱ ደግሞ ገመቹን ሲጠብቅ ይብሱን ይዘገያል። በር ላይ ተገናኝተው «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ማንም ሳይገባ እንደሚመሽባቸው ትሑታን ሆኑ። አጨብጫቢዎቹ አንዱን ጭብጨባ ለሁለት ተካፈሉት። ለደስታ የጀመርነው መዝሙር ሲያልቅ ቀብር ላይ የሚዘመር መሰለ።

«ብዬ ነበር» አልኩ። ይህን ቃል ለመናገር የሚገኘውን አጋጣሚ አላሳልፍም።

ሰኞ ጠዋት ገመቹን ራሱን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ባለ ሽቦ ነው የምንፈልገው፤ ሽቦው ከጆሮ ጀርባ ዞሮ የሚወርድ። ኢልያስ ጆሮ ውስጥ ስለሚገባው ጫፍ አስረዳን። የጆሮውን ቀዳዳ አጥብቆ ካልደፈነ የውጭው ጩኸት ይገባል፤ ጩኸት ከገባ ገመቹ ድምፁን ይጨምራል፤ ከጨመረ ፌንጣው ይፋፋል። ስለዚህ ዋናው ምርጫ በልክ የሚገጥም ጫፍ ነው። ከቦርሳዬ ጥጥና አልኮል አውጥቼ ሁሉንም ጠረግኩ፤ ኢልያስ «ልታዋልጂው ነው እንዴ?» አለኝ።

የገመቹ ጆሮዎች ለካ እኩል አይደሉም! ለግራው ትልቁ የጎማ ጫፍ ሰፋው፣ መካከለኛው ገጠመ፤ ለቀኙ መካከለኛው ጠበበው፣ ትንሹ ወደቀ። በመጨረሻ በጣት ተድቦልቡሎ የሚገባ፣ ከገባ በኋላ ተነፍቶ ራሱ የሚሞላ የስፖንጅ ጫፍ ተገኘ። «ለዚህኛውስ ጆሮ ሁሉ እኩል ነው» አለ ኢልያስ።

«እናያለን» አልኩ። «ገመቹ፣ ተቀመጥና ምታ።»

ገመቹ ኩርሲ ላይ ተቀምጦ የኢልያስን ጠረጴዛ በሁለት ዱላ ይመታ ጀመር። ኢልያስ በስልኩ መዝሙር ለቆለታል፤ ከገመቹ በቀር የሚሰማው የለም። ገመቹ ሲመታ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ይወዘውዛል። እኔ መሣሪያው መውደቅ አለመውደቁን ለማጣራት እጄን ራሱ ላይ ጭኜ «በርታ! ነቅነቅ አድርገው! ይውጣ እንደሆነ ይውጣ!» እላለሁ።

በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አንዱ።

«ጴንጤዋ ጋኔን እያስወጣችለት ነው» አለ ሌላው።

ጫት ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ አንዲት ሴትዮ ሸክሟን አውርዳ «ቢስሚላህ! ልጅሽ ነው እህቴ? አላህ ያሽረው!» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ኢልያስ ሳቁ አላናግር ብሎት ዕቃው ላይ ተደፍቷል። ገመቹ ዓይኑን ቢገልጥ ከተማው ግማሹ በሩ ላይ ነው።

«አልወጣም!» አልኩ እኔ፣ ስለ መሣሪያው።

ሕዝቡ በኀዘን ራሱን ነቀነቀ።

እሱን ገዛን። ግን ከመረከባችን በፊት ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ቅድመ ሁኔታዬን አስቀመጥኩ። ሽቦው ከገመቹ ጆሮ እስከ ሚክሰሩ ድረስ ለዓይን የሚታይ ይሁን። የፓስተሩ ድምፅ ወደ ጆሮው ይግባ። የምእመኑም ድምፅ ይግባ፤ ጆሮውን ዘግቶ ከሕዝቡ ተለይቶ ብቻውን እንዳያመልክ።

ፓስተራችን ፈገግ ብለው «እህቴ፣ ጌታ እንኳ እንዲህ አይቆጣጠረንም» አሉኝ።

«እሱ ልብ ስለሚያይ ነው ፓስተር። ለእኔ የሚታየኝ ሽቦ ብቻ ነው።»

ናሆም «የሕዝቡን ድምፅ የሚይዝ ማይክ አንድ ቦታ አቆማለሁ» አለ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ፤ በእነሱ በኩል ማለቴ ነው። በእኔ በኩል ገና መጀመሩ ነበር። ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ የመቀመጫ ቦታዬን ቀየርኩ። በሴቶች በኩል ካለው ምሰሶ ሥር ሲቀመጡ የገመቹ ሁለት ጆሮዎች ከነሽቦአቸው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ምሰሶው አጠገብ ናሆም ያቆመው አንድ ቀጭን ብረት ነበረ። የጭሮ ዝናብ አይታመንምና ጃንጥላ ይዤ ነው የምመጣው፤ ብረቱ ለጃንጥላዬ ማንጠልጠያ ተመቸኝ።

የወንበር ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ናቸው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አንድ ላይ የሚፈትሉ፣ መዝሙር ሲዘምሩ ከሁሉ አንድ እርምጃ የሚቀድሙ ደግ እናት። ለእሳቸው በጆሮአቸው «ዛሬ ገመቹ አልፈጠነም?» አልኳቸው። ወዲያው ገመቹ ቀነሰ። ደስ አለኝ፤ አልጠረጠርኩም። በሌላው እሁድ «የሸሚዙን ኮሌታ አዩልኝ፣ ውሻ ያኘከው ይመስላል» አልኩ። በሳምንቱ ገመቹ እንደ ሙሽራ ተተኩሶ መጣ። እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ።

በሦስተኛው እሁድ ከአገር ቆጮ ተልኮልኝ አተካና፣ የሆሳዕናውን የቆጮ፣ የቅቤና የአይብ ምግብ፣ ብቻዬን ሠርቼ ብቻዬን እንደበላሁ ለአዴ ጫልቱ አጫወትኳቸው። ከአምልኮ በኋላ ገመቹ በር ላይ ጠብቆ «እትዬ፣ አተካና የሚባለው ነገር በጣም ይጣፍጣል አሉ?» አለኝ።

እሺ፣ ማን አለ?

አዴ ጫልቱን ጠረጠርኩ። ግን ከመቀመጫቸው አይነሱም፤ ሲያልቅ ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት፤ ስልካቸውም ባትሪ ኖሮት አያውቅም። ልፈትናቸው ወሰንኩ። ውሸት መናገር ስለማልፈቅድ እውነት የሆነ ግን ለማንም የማይረባ ነገር መረጥኩ። «አዴ፣ ዛሬ በችኮላ የለበስኩት ካልሲ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም» አልኳቸው። ሲያልቅ ገመቹ መጣ፤ ጨበጠኝ፤ ዓይኑን ቀስ አድርጎ ወደ እግሬ ጣለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአዴ ጫልቱ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልሰጠሁም። ምስኪኗ እናት «ምን በደልኩሽ?» በሚል ዓይን ያዩኛል። ጉዳዩን የማዋየው አንድ ብቻ ቀረኝ፤ እሱም በላይ ያለው። በቤተ ክርስቲያናችን የጋራ ጸሎት ሲሆን ሁሉም በየራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚጸልየው፤ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ። እኔ ልቤ ሲሞላ በሀዲይኛ እጸልያለሁ። በዚያ አዳራሽ ሀዲይኛ የምናውቀው እኔና ጌታ ብቻ ነን፤ ምሥጢር ለማውራት ከዚያ የተሻለ ግምጃ ቤት የለም። «ገመቹ የሚሰማውን ግለጥልኝ» እላለሁ። «ገመቹን አጋልጠው። ገመቹ ዝም ብሎ አይስቅም።» ምክንያቱም ይስቅ ነበር! ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በሚጸልይበት ሰዓት ገመቹ እዚያ ድራሙ ኋላ ተቀምጦ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ደስ እንደሚል ወሬ እንደሚሰማ ሰው ፈገግ ይላል። ጉባኤው እየደረሰ ነው፤ በእንግዶች ፊት «ጎል!» ብሎ ቢነሳስ? ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ለጆሮው አይራሩም፤ ያስነሱታል። መሣሪያውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጉባኤው ደረሰ። ሂርናዎች በጊዜ መጡ። ቦርደዴዎች ከቆላ በስስ ሸሚዝ መጥተው በጭሮ ብርድ እየተንቀጠቀጡ ገቡ። አዳራሹ ጢም አለ። የጋራ ጸሎት ሲጀመር እኔ በሀዲይኛ ጀመርኩ፤ «ገመቹን...» ገና ከማለቴ ገመቹ ፈገግ አለ።

አሁንስ በቃኝ። ተነሳሁ። በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በድራሙ ኋላ ዞርኩ። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩ፤ ሌላ ቦታ አይሄድም። ወደ ገመቹ ትከሻ ልደርስ ስል ክንዴ ያን ትልቁን የነሐስ ሳህን፣ ሲምባሉን፣ ገጨው። ጯ! አለ አዳራሹ። ፓስተሩ ጸሎቱ ያበቃ መስሏቸው «አሜን!» አሉ፤ ሕዝቡ «አሜን!» አለ፤ ኪቦርዱ ለመዝሙሩ መግቢያውን ለቀቀ። የሂርና ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

ገመቹ ዘወር ሲል እኔ ከኋላው ቁጢጥ ብያለሁ። ለማስረዳት ጊዜ የለም። አንደኛውን ከጆሮው ላጥ አድርጌ ወደ ጆሮዬ ከተትኩት።

«ያ ዋቃ!» አለ አንድ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ፣ ጉንጬን ሊነካኝ እስኪደርስ ቀርቦ። «ይቺ ልጅ ጃንጥላዋን ትታ የት ሄደች? ካልሲዋን ልትቀይር ነው?»

አዴ ጫልቱ!

ቀና ብዬ ወደ ምሰሶው አየሁ። ቀጭኑ ብረት። ጫፉ ላይ ጥቁር ስፖንጅ የለበሰች ነገር። ከሥሯ ጃንጥላዬ። የምእመኑ ድምፅ ይግባ ያልኩት እኔ፤ ናሆም ማይኩን ያቆመው እዚያ፤ ሄጄ አፌን የደቀንኩበት እኔ።

ልሽሽ ብል መዝሙሩ ተጀምሯል፤ ገመቹ በአንድ ጆሮ እየሰማ ይመታል፤ ሌላው ጆሮው እኔ ጋ ነው፤ ሽቦው ሁለታችንን አቆራኝቶናል። ሽቦ ያለው ካልሆነ ብዬ የሞገትኩትም እኔው ነኝ! መዝሙሩ እስኪያልቅ እዚያው ቁጢጥ ብዬ፣ በቀኝ ጆሮዬ ከሁሉ አንድ እርምጃ የሚቀድሙትን አዴ ጫልቱን እየሰማሁ፣ ስንት ነገር እንደተናገርኩ አንድ በአንድ አስታወስኩ።

መዝሙሩ አልቆ ቦርደዴዎች ወደ መድረክ ሲወጡ ገመቹ ጎንበስ አለልኝ።

«እትዬ፣ ናሆምን ማይኩን አንሳልኝ ልለው ነበር» አለኝ። «ስለ ኮሌታዬና ስለ ካልሲሽ ስሰማ አፍሬም ነበር። በኋላ ግን ተውኩት። በጸሎት ሰዓት ሁሉም ስለ ራሱ ሲጮህ አንቺ በአገርሽ ቋንቋ ገመቹ፣ ገመቹ ትያለሽ። ሌላው ቃል አይገባኝም፤ ስሜ ግን ይገባኛል። እናቴ እንኳ እንዲህ ደጋግማ አታነሳኝም።»



«ፌንጣውስ?» አልኩት። መልስ ያጣ ሰው ጥያቄ ይጠይቃል።

«አልወጣም፤ ግን ዝም ማለት ለምዷል። ሐኪሙም ጆሮህ አልባሰም፣ እንዲህ ሸፍነህ ምታ ብሎኛል። ሽማግሌዎቹም ሰምተዋል፤ አልነሳም።» ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አየኝ። «ለጆሮዬ ነበር አይደል የምትጸልዪልኝ?»

አንባቢዎቼ፣ በእግዚአብሔር ቤት፣ በድራም ኋላ፣ በጉልበት ተንበርክኮ እንዴት ይዋሻል? እውነቱስ እንዴት ይነገራል?

«ከዛሬ ጀምሮ፣ አዎ» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። መሣሪያውን ከጆሮዬ አውጥቼ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ ስፖንጁን አድቦልቡዬ በገዛ እጄ ጆሮው ውስጥ መለስኩለት። ወደ ቦታዬም ሄድኩ። ጃንጥላዬን ከማይኩ ላይ አወረድኩ፤ አዴ ጫልቱን እጃቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ባረኩኝ።

ሁለተኛው የጋራ ጸሎት ሲጀመር አዳራሹ በኦሮምኛና በአማርኛ ተሞላ። እኔ ወደ ማይኩ ትንሽ ቀረብ አልኩና በሀዲይኛ፣ ቀስ ብዬ፣ ስሙን አስቀድሜ ጸለይኩ። ገመቹ ከወዲያ ራሱን ዘንበል አድርጎ ፈገግ አለ። ልክ እንደ በፊቱ ነው ፈገግ ያለው። ልዩነቱን የምናውቀው እኔና ጌታ ብቻ ነን።